ጸጥ ያለ መንገድ የማን ነው?

የነገሩ መነሻ አንድ መጽሐፍ ነው። አንደኛ ዓመት ሳለን ከቤተ መጻሕፍቱ የኋለኛ መደርደሪያ ላይ ስለ ፈረንሳይ ገጠርና ስለ ብስክሌት ጉዞ የሚናገር፣ ፎቶግራፍ የበዛበት የእንግሊዝኛ መጽሐፍ አገኘንና አራታችን ባንድ አልጋ ላይ ተኮልኩለን ገለጥነው። የመጽሐፉ ምክር ባጭሩ ሲነገር ይህ ነው፦ ብስክሌተኛ ከአውራ ጎዳናው ይራቅ፤ በካርታው ላይ ቀጠን ብላ የተሰመረችውን፣ ሁለት መንደር አገናኝታ የምትቀረውን የገጠር መንገድ ይምረጥ፤ መኪና በሌለበት የወፍ ድምፅ ይሰማል፤ የወይን ተክሉን፣ ላሙን፣ የቤተ ክርስቲያኑን ጣራ እያየ ቀስ ብሎ ይሄዳል። በአንደኛው ፎቶግራፍ ውስጥ ዛፍ ግራና ቀኝ የተሰለፈለት ጠባብ አስፋልት አለ፤ አንድ ባልና ሚስት በብስክሌት ይሄዳሉ፤ ሌላ ሰው የለም።

አልቀናንም ብንል ውሸት ይሆናል። ይሁን እንጂ ከመካከላችን አንዱ የቡሬ አካባቢ ልጅ ነውና፣ «ምኑ ይደንቃል? እኛ አገር ከአስፋልቱ ወጣ ካላችሁ መኪና የሚባል ነገር የማይታይበት መንገድ ስንት አለ መሰላችሁ!» አለን። ተከራከርን፤ ክርክሩም ወደ ጉዞ ተለወጠ። በኅዳር 2015 ዓ.ም. አራት ብስክሌት ይዘን (ሁለቱ የኪራይ፣ አንዱ የውሰት፣ አንዱ ብቻ የራሳችን) በአይሱዙ ጀርባ ተጭነን ፍኖተ ሰላም ወረድን። ከዚያ በማንኩሳ በኩል እስከ ቡሬ፣ ከቡሬም በሌላ በኩል ዞረን ሦስት ቀን ተንከራተትን። ዛሬ የምናነሣው ጥያቄ ከዚያ ጉዞ የቀረልን ነው፤ ከዚያ ወዲህ ሲያብሰለስለን ኖሯል።

ጥያቄው ይህ ነው። አንድ ሰው ጉዳይ ሳይኖረው፣ ዘመድ ሳይጠይቅ፣ ገበያ ሳይወጣ፣ ለደስታው ብቻ፣ ሌላው ሰው ተሸክሞ በሚደክምበት መንገድ ላይ ሽው ብሎ ማለፉ ተገቢ ነው ወይ? ተገቢ ከሆነስ ለመንገዱ ሰዎች ምን ዕዳ አለበት? «ይህ ደግሞ ጥያቄ ነው?» የሚለን አንባቢ ይኖራል። በጀመርንበት ቀን እኛም እንዲሁ ነበርን።

አገሩን ለማያውቅ ጥቂት እንበል። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ የዓባይን በረሃ ተሻግሮ፣ በደብረ ማርቆስ፣ በደምበጫና በጅጋ አድርጎ ወደ ባሕር ዳር የሚወጣው አስፋልት ፍኖተ ሰላምንና ቡሬን ያገናኛል። በሁለቱ መካከል ያለው ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ማንኩሳ በመካከሉ ናት። ማንኩሳን በዓይኑ ያላየ ሁሉ በስሟ ያውቃታል። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ የበዛብህ የትውልድ ቦታ እሷ ናት፤ መጽሐፉን ያላነበበው ደግሞ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ከራዲዮ ሰምቶታል። እኛም አውራ ጎዳናው ዳር የተደረደሩትን ቆርቆሮ ቤቶች ስናይ፣ «ይህችው ናት?» ተባብለን ትንሽ ቅር ብሎናል። መጽሐፍ ካነበቡ በኋላ ቦታን ማየት እንዲህ ነው።

ዋናው አስፋልት ለብስክሌት የሚሆን አይደለም። ከኋላ ሲኖትራክ፣ ከፊት ሕዝቡ «አልቃይዳ» የሚለው አይሱዙ፤ ቡሬ ላይ ወደ ነቀምት የሚታጠፈው መንገድ ስላለ የወለጋውም ጭነት ይጨመራል። አንድ ሰዓት ያህል ጥርሳችንን ነክሰን ከሄድን በኋላ ወደ ገጠሩ በሚገባው የጠጠር መንገድ ታጠፍን፤ ወዲያው ጆሮአችን ተከፈተ።

ጊዜው ኅዳር ነው። ጤፉ ወርቅ መስሏል፤ አንዳንዱ ታጭዶ ተከምሯል። የበቆሎው አገዳ ደርቆ በነፋስ ይንሿሿል። በየደጃፉ በርበሬ ተሰጥቶ መሬቱ ቀልቷል፤ ሲያልፉ ሽታው ያስነጥሳል። ከጥድና ከወይራ መካከል የደብር ጉልላት ብቅ ይላል። መሬቱ ለጥ ያለ በመሆኑ ጉልበት አይጨርስም፤ መከራው ጠጠሩ ነው። መጽሐፉ ያለው ሁሉ አለ፤ ወፉም፣ ላሙም፣ ደብሩም። አንድ ነገር ብቻ ይለያል፤ በዚህኛው መንገድ ላይ ሰው አለ። እህል የጫነ አህያ የሚነዳ፣ እንጨት የተሸከመች፣ ከትምህርት ቤት የሚመለስ፣ ለቅሶ የሚደርስ፣ ከወፍጮ ቤት ዱቄት የያዘ፣ ጥጃ የሚጎትት። መንገዱ ጸጥ ያለው ከሞተር ነው እንጂ ከሰው አይደለም።

ያን ጊዜ ግን ይህን ልብ አላልንም። መንገዱ ያማረን ለመብረር ነበር። ትንሽ ቁልቁለት ስናገኝ ለቀቅነውና ከገበያ በሚመለሱ ሰዎች መካከል ደወል እየደወልን አለፍን። አህያ ደንብሮ ወደ ቦዩ ገባ። ኋላችን አንድ ድምፅ ተሰማ።

«እናንተ ልጆች! ኧረ ቁሙማ!»

ቆምን። ጋቢ የለበሱ፣ በትር የያዙ አዛውንት ናቸው። ስለ አህያው ሊቆጡን ነው ብለን ተሳቀቅን። እሳቸው አህያውን አላነሡም።

«ምነው፣ ከሰው አልቆጠራችሁንም?»

«ይቅርታ አባቴ፣ ቸኩለን ነው።»

«ወዴት ነው የምትቸኩሉ?»

እዚህ ላይ ተያየን። የምንቸኩልበት ቦታ አልነበረም። ከመካከላችን አንዱ፣ «አገር ልናይ ነው አባቴ» ብሎ መለሰ።

«አገሩ ማነው ታዲያ?» አሉና መልስ ሳይጠብቁ፣ «በሉ እንደምን ዋላችሁ» አሉን። እኛም «እግዚሃር ይመስገን፣ እርስዎስ እንደምን ዋሉ» አልን፤ ከብቱን፣ ቤተሰቡን፣ የዘንድሮውን እህል ጠየቅን፤ የማናውቃቸውን ልጆቻቸውን ሁሉ ደኅንነት ጠየቅን። ሲጨርሱ «መልካም መንገድ» ብለው ሄዱ። ነገሩ ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። እኛ ግን እስከ ማታ ስናወራው ዋልን።

በዚያ ማታ አንዱ እንዲህ ሲል አሰላ። በእግሩ የሚሄድ ሰው በሰዓት አምስት ኪሎ ሜትር ቢሄድ ነው። ሁለት እግረኞች ሲገናኙ ሰላምታው ተጀምሮ እስኪያልቅ ጊዜ ይበቃቸዋል፤ ጎጃሜ ሰላምታው ረጅም ቢሆንም ይበቃል። በበቅሎ የሚሄደውም እንዲሁ። በመኪና በሰማንያ የሚበርረው ግን መንገደኛውን የሚያየው እንደ ዛፍና እንደ ድንጋይ ነው፤ ልቡ ክፉ ሆኖ ሳይሆን ፍጥነቱ አይፈቅድለትም። ብስክሌት በሁለቱ መካከል ናት። በሃያ ኪሎ ሜትር ፍጥነት «እንደምን ዋላችሁ» ብትል መልሱ የሚደርሰው ጀርባህ ላይ ነው፤ ጥያቄ ወርውሮ እንደ መሸሽ ይሆናል። ስለዚህ ሰው ዘንድ ከመድረስህ በፊት ፍሬን መያዝ አለብህ። ይኸው ነው ስሌቱ። በማግስቱ ሞከርነው፤ ሃያ ኪሎ ሜትር ለመሄድ ግማሽ ቀን ፈጀብን።

እዚህ ላይ እሽቅድምድምን የሚወድ አንባቢ እንዳይቀየመን እንሰጋለን። በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ኦሊምፒክ ላይ ገረመው ደንቦባና ጓደኞቹ በብስክሌት ለአገራችን ተሽቀዳድመዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ ፅጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ይህ ክብር ነው፤ መንገዱም ለዚያ ቀን ተዘግቶ ለነሱ ይሰጣል። እኛ የምንለው ስላልተዘጋው መንገድ ነው።

አሁን ወደ ክርክሩ እንግባ። ከአራታችን አንዱ ሰላምታውን አልተቀበለውም። እንዲህ ሲል ተከራከረ፦ «እናንተ ሰላም ብላችሁ ኅሊናችሁን ታጥባላችሁ። ያቺ ሴትዮ የተሸከመችው እንጨት በእናንተ ሰላምታ ስንት ኪሎ ቀነሰ? ባላገሩ ይሸከማል፣ ተማሪው ያየዋል፣ ከዚያ ያማረ መግለጫ ይጽፋል። መኪና ውስጥ ሆኖ የሚያልፈው እንኳ ይሻላል፤ እሱ አይመጻደቅም።» ይህ ከባድ ነገር ነው። መልስ ሳናገኝለት አደርን፤ በማግስቱ ግን መልስ ይሁን ሌላ ጥያቄ ያልገባን ነገር ገጠመን።

ከማንኩሳ ወደ ውስጥ በሚገባው መንገድ ላይ አንዲት እናት ደረቅ በርበሬ የሞላ ማዳበሪያ ተሸክመው ሲሄዱ ደረስንባቸው። በርበሬ ቀላል ነው ይባላል፤ ማዳበሪያው ግን ከእሳቸው ቁመት አያንስም። ያው ተከራካሪ ጓዳችን ወረደና፣ «እናቴ፣ እስቲ ከብስክሌቱ ኋላ ላስረው» አላቸው።

«ተው ልጄ፣ ለምጄዋለሁ።»

«ግዴለም እናቴ፣ እኛም ወደዚያው ነን።»

ትንሽ አስበው አወረዱት። አሰርነውና ብስክሌቱን እየገፋን አብረን መሄድ ጀመርን። ወዲያው አንድ ነገር አየን። ማዳበሪያው የታሰረበትን ገመድ ጫፍ በእጃቸው ጠቅልለው ይዘውታል። እየሄዱ ያወራሉ፣ ይስቃሉ፣ ስለ ወላጆቻችን ይጠይቃሉ፤ ገመዱን ግን አይለቁም። መንገዱ ሲበላሽም፣ ጅረት ስንሻገርም አልለቀቁም። ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል እንዲህ ሄድን። ጓዳችን ፊቱ ጠቆረ። ለመርዳት ወርዶ እንደ ሌባ መቆጠሩ ከነከነው። እናትየው ይህን ሳያዩ አልቀሩም፤ ቤታቸው ስንደርስ፣ «አትቀየሙኝ ልጆቼ፣ የመንገድ ሰው አይታወቅም» አሉን። ከዚያ ጠላ አቀረቡልን።

ጠላውን እየጠጣን ያልተናገርነውን በኋላ ተነጋገርን። በዚያ አገር በመንገድ ምን ሲመጣ ኖሯል? ጣልያን በመንገድ መጣ፤ ቡሬና ማንኩሳ ላይ መሸገ፤ በ1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በጎጃም በኩል ሲመለሱም ውጊያው በዚያው መሥመር ላይ ነበር። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ የጎጃም ገበሬ የግብር ገማቹን መምጣት ተቃውሞ ተነሣ፤ ጦር ዘመተበት፤ ጦሩም የሄደው በመንገድ ነው። በ1970ዎቹ የብሔራዊ ውትድርና አፈሳ ልጅ ይዞ የሚሄደው በዚሁ መንገድ ነበር። ልብ ወለዱም ከዚህ አይርቅም፤ የማንኩሳው በዛብህ የሚወዳትን ሊያገኝ ሲመለስ ሽፍታ መንገድ ላይ አግኝቶት ነው ሕይወቱ የጠፋው። ታዲያ እናትየው ገመዱን ቢይዙ ምን አጠፉ? እኛ ጥሩ ልጆች መሆናችንን የምናውቀው እኛው ነን፤ በግንባራችን ላይ አልተጻፈም። መታመንን በሁለት ኪሎ ሜትር እርዳታ ልንገዛው ፈልገን ነበር። እሳቸው ግን የሰጡን የሚገባንን ያህል ነው፤ ወሬያቸውን፣ ሳቃቸውንና ጠላቸውን ሳይሰስቱ ሰጡን፤ ገመዱን አልሰጡንም። ጓዳችንም በመጨረሻ፣ «በኔ ቦታ ብትሆኑ እናንተም ትናደዱ ነበር» ከማለት በቀር የሚለው አላገኘም። እኛም እንናደድ ነበር።

ለዚያ የሰላምታ ክርክር እዚህ ላይ የከፊል መልስ አገኘን ብለን እናምናለን። ሰላምታ ሸክም አያቀልም፤ እውነት ነው። ነገር ግን ያለ ሰላምታ ሸክሙን እናግዝ ብንል ኖሮ ማንም አይሰጠንም ነበር። «እንደምን ዋላችሁ» ማለት ራስን ለምርመራ ማቅረብ ነው፤ መንገደኛው ድምፅህን ይሰማል፣ ፊትህን ያያል፣ የማን ልጅ እንደሆንክ ይገምታል። ሰላም ሳይል የሚያልፍ ሰው እንደ ባለጌ ብቻ ሳይሆን እንደ ሥጋትም የሚታየው ለዚህ ይመስለናል። አዛውንቱ የጠየቁንም ይህን ነው። ሳንታይ ማየት ፈልገን ነበር።

ከጠላው ጋር የተነሣ አንድ ነገር አለ፤ እሱን ብንዘለው ጽሑፉ ይጎድላል። ከመካከላችን አንዱ፣ ትንሽ መጽሐፍ መጽሐፍ በሚሸት አነጋገር፣ «እናቴ፣ በዚህ መንገድ ምንም ሳይሸከሙ፣ እንዲያው ለደስታ ሄደው ያውቃሉ?» ብሎ ጠየቀ። አይ፣ የድሃ ኑሮ የት ያስኬዳል፣ ይሉናል ብለን ጠብቀን ነበር፤ እንዲያውም ይህንኑ ለመጻፍ በልባችን ተዘጋጅተን ነበር። እሳቸው ሳቁብን።

«ውይ! ለንግሥ ነዋ! ለሚካኤል! ነጠላዬን አጣፍቼ፣ ጧፌን ይዤ፣ ከጎረቤቶቼ ጋር እየተጫወትኩ። ሲመሽም እየዘፈንን ነው የምንመለስ። ሰርግም አለ።» ቀጥለውም፣ «እናንተ ብቻችሁን ነው እንዴ የምትሄዱ?» አሉ፤ አራት ሆነን ሳለን! ከእሳቸው የንግሥ ጉዞ ጋር ሲተያይ አራት ሰው ብቻውን ነው መሰል።

ስለዚህ ለደስታ መንገድ መሄድን ከፈረንጅ መጽሐፍ አግኝተን ለባላገሩ ያመጣንለት መስሎን ከነበረ ሞኝነታችን ነው። ደስታ የሌለው መንገድ አይደለም። የኛና የእሳቸው ደስታ የሚለየው በሌላ ነው። ለንግሥ የሚሄድ ሰው የሚያየው ሁሉ ያየዋል፤ ለማን ንግሥ እንደሚሄድ፣ የማን ልጅ እንደሆነ፣ መቼ እንደሚመለስ ይታወቃል። የኛ ደስታ ግን ማንም አያውቀንም ከሚለው ላይ የተመሠረተ ነበር። ሰው የለም ብሎ የሚያዜመው ፎቶግራፍ ያስተማረን ይህንን ነው።

ስለ ፎቶግራፉ ከተነሣ፣ እዚያ መንገድ ላይ ሰው ለምን ጠፋ? ይህንን ከጉዞ ከተመለስን በኋላ ነው የጠየቅነው። ፈረንሳይ ከአንድ ሚሊዮን ኪሎ ሜትር የሚበልጥ መንገድ አላት፤ አብዛኛው የቀበሌና የገጠር መንገድ ነው። ያ ሁሉ የገጠር መንገድ ወተት፣ ስንዴና ወይን ለሚያመላልስ ገበሬ የሚያገለግል ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ግን ትራክተሩ መጣ፣ ከተማው ጠራ፣ ገበሬው ሄደ። በዚያ ዘመን ከሠራተኛው ሕዝብ ሲሶው ያህል ከእርሻ ይኖር ነበር፤ ዛሬ ከመቶ ሦስቱ እንኳ አይሞሉም። መንገዱ ቀረ፣ አስፋልቱም ቀረ፤ ተጓዡ ጠፋ። መጽሐፉ የሚያደንቀው ጸጥታ እንግዲህ በአንድ በኩል የመሄድ ጸጥታ ነው፤ የተዘጋ ትምህርት ቤትና የተዘጋ ዳቦ ቤት አለበት።

ነገር ግን ፈረንሳዮቹን በዚህ ብቻ ብንፈርድባቸው አድልዎ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በሰኔ 1936 በዚያች አገር ታላቅ የሥራ ማቆም አድማ ተደርጎ ሠራተኛው የሁለት ሳምንት ደመወዝ የሚከፈልበት የዓመት ፈቃድ በሕግ አገኘ። በዚያ በጋ ከፋብሪካ የወጡ ወጣቶች፣ ባልና ሚስትም ባንድ ብስክሌት ሁለት ኮርቻ አድርገው፣ ባሕር ለማየት ወጡ፤ ብዙዎቹ ባሕር አይተው አያውቁም ነበር። የገጠሩ ጸጥ ያለ መንገድ የነሱም ሆነ። እዚህ ላይ ደስታው ከላብ ጋር አልተጣላም፤ የላቡ ድርሻ ሆኖ መጣ። ይህንን ስናነብ ያ ተከራካሪ ጓዳችን፣ «ይህችን እቀበላለሁ» አለ። እሱ አንድ ነገር ሲቀበል ቀኑን መመዝገብ ያስፈልጋል።

አሁን የሚከብደውን እንበል።

በአማርኛችን ጸጥታ የሚለው ቃል ሁለት ነገር ይናገራል። አንደኛው ድምፅ አለመኖሩ ነው፤ «ጸጥ በሉ» ስንባል እንደምንሰማው። ሁለተኛው ደኅንነት ነው፤ የጸጥታ ኃይል፣ የጸጥታ ሁኔታ እንደሚባለው። እኛ በኅዳር 2015 በዚያ ስንሄድ የሰሜኑ ጦርነት በፕሪቶሪያ ስምምነት ከቆመ ገና ሳምንታት መሆኑ ነው፤ ስምምነቱ የተፈረመው ጥቅምት 23 ቀን ነበር። ሰው ሁሉ ትንፋሹን የሳበበት ጊዜ ነበር። ሁለቱ ጸጥታዎች በዚያ መንገድ ላይ አንድ ላይ የነበሩ መስሎን ነበር፤ ስለዚህም መለየት አላስፈለገንም። ዓመት ሳይሞላ ክልሉ ውጊያ ውስጥ ገባ፤ ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። አውቶቡስ የሚቆምበት፣ ስልክ የሚጠፋበት፣ ሰው ከቤቱ የማይወጣበት ቀን መጣ። በዚያ ወራት ከአገሩ የመጣ አንድ ተማሪ ስለ መንገዱ ስንጠይቀው፣ «ጸጥ ብሏል» አለን። ልባችን ደስ ሊለው ሲል ፊቱን አየን። መኪና የለም፣ አህያ የለም፣ ገበያተኛ የለም ማለቱ ነው። ወፉ ይሰማል። መጽሐፉ የሚመክረው ሁሉ ተሟልቷል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ያንን መጽሐፍ እንደ ድሮው ማንበብ አልቻልንም። ጸጥ ያለ መንገድ የሚባለው በአላፊው ጆሮ ሊለካ አይችልም፤ አላፊው የፍርሃትን ዝምታ ከሰላም ዝምታ አይለይምና። ልኩ ያለው በመንገዱ መሄድ ግድ ከሆነበት ሰው ዘንድ ነው ብለን እናምናለን። ያቺ እናት ከወፍጮ ቤት ሲመለሱ መሽቶባቸው ብቻቸውን ቤታቸው ይደርሳሉ ወይ? ተማሪዋ ልጅ አምስት ኪሎ ሜትር በእግሯ ሄዳ ትመለሳለች ወይ? ንግሥ የሄዱት እየዘፈኑ ይመለሳሉ ወይ? ይህ ካለ፣ መንገዱ በአህያ ኳኳታና በሰው ጫጫታ ቢሞላም ጸጥ ያለ ነው። ይህ ከሌለ፣ እኛ በብስክሌት ሄደን የምናደንቀው ዝምታ የሌላ ሰው መከራ ነው።

አንዳንድ ጓደኞቻችን ይህን ሲሰሙ፣ «እንግዲያው አገር ሰላም እስኪሆን ብስክሌቱን ስቀሉት፤ ሰው እየሞተ ስለ ሽርሽር ትጽፋላችሁ?» አሉን። ነቀፋቸው አይናቅም። እኛ ግን የምንፈራው ሌላ ነው። መንገድ ማለት ወታደርና ሥጋት የሚመጣበት ብቻ ነው ብለን ከለመድን፣ ሰው ያለ ጉዳይ ሊሄድበት እንደሚገባ መፈለጋችንን ጭምር እንተዋለን። በአዲስ አበባ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ መኪና ታግዶ ሰው በየአስፋልቱ የሮጠበትና ብስክሌት የነዳበት የእሑድ ቀን «መንገድ ለሰው» ተብሎ ነበር። ስሙን ወደነዋል። ብቻ በከተማ ለሰው መስጠት ማለት ከመኪና መንጠቅ ነው፤ በማንኩሳ ገጠር መንገዱ ድሮውንም ከሰው በቀር ባለቤት አልነበረውም፣ የጎደለው ያለ ፍርሃት መሄዱ ነው።

ስለ ሌሎች ዕዳ ይህን ያህል ከተናገርን የራሳችንን አንድ ዕዳ ብንደብቅ ያሳፍረናል።

በመጨረሻው ቀን ማንኩሳ ከመድረሳችን በፊት የኪራዩ ብስክሌት ጎማ በእሾህ ተበሳ። ማስቲሻችን አልቋል። እየገፋን ከተማዋ ገባን፤ ጎሚስታው አልነበረም። ብስክሌት በደቂቃ እያከራየ የሚተዳደር አንድ ልጅ፣ ምናልባት አሥራ አራት ዓመት ቢሆነው ነው፣ ጉዳታችንን ዓይቶ ዝም ብሎ ከራሱ ከሦስቱ ብስክሌቶች ያንዱን ካላማዳሪ ፈትቶ ሰጠን። የኛው ሁለት ቦታ ተቀድዶ ስለነበር ለለውጥ እንኳ አይሆንም። ገንዘብ ስንሰጠው፣ «ገንዘቡማ ምን ያደርግልኛል፣ ዕቃው እዚህ አይገኝም። ስትመለሱ ካላማዳሪውን ታመጡልኛላችሁ» አለ። «ለገና እንመጣለን» አልነው። ሦስት ብስክሌት የነበረው ልጅ በሁለት ቀረ። ማን መሆናችንን አልጠየቀም፤ ገመድም አልያዘም።

ለገና ፈተና ነበረብን። ለፋሲካ ገንዘብ አልነበረንም፤ ለአይሱዙው ከመክፈል ይልቅ ለሌላ ነገር አወጣነው። በሰኔ ካላማዳሪውን ገዛን፤ ክረምቱ ሲገባ እናደርሰዋለን ተባባልን። ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ፤ መንገዱ ተዘጋ። ሰው ሲጠይቀን «በጦርነቱ ምክንያት ነው» እንላለን። ከኅዳር እስከ ሰኔ ያለው ስምንት ወር ግን ሰላም ነበር።

ካላማዳሪው 26 ቁጥር ነው። ከአልጋ ሥር ባለው ካርቶን ውስጥ፣ በፕላስቲክ እንደተጠቀለለ አለ። ጎማ ሲቆይ ይጣበቃል ሲሉ ስለሰማን ባለፈው ሳምንት አውጥተን በፖምፓ ነፋነው። አየር ይይዛል።